ምዕራፍ ሰባት፦ መጋዘንና መስታወት

‹መጋዘን› የምንለው ቃልና እንግሊዞች ‹ማጋዚን› የሚሉት ቃል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የተወለዱት ‹መኽዘን› ከሚለው፣ ዕቃ የሚከማችበትን ቤት ከሚጠራው የዐረብኛ ቃል ነው። አንዱ በጣልያኖች አፍ በኩል እኛ ዘንድ ደርሶ የእህልና የሸቀጥ ማከማቻ ሆኖ ቀረ። ሌላው በፈረንሳይ በኩል አድርጎ እንግሊዝ ገባና ብዙ ዓይነት ጽሑፍ የሚታጨቅበት ኅትመት መጠሪያ ሆነ። እኛ ለዚያው ኅትመት ስም ስናወጣለት ግን ከግእዝ ‹መጽሔት› የሚለውን አነሣን። መጽሔት በግእዝ መስታወት ማለት ነው።

አንዱን ነገር እነሱ መጋዘን አሉት፤ እኛ መስታወት አልነው። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣሁት። ‹የመጽሔት ዝግጅት› የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥራ ለመረዳት ግን ከእነዚህ ሁለት ስሞች የተሻለ ቁልፍ አላገኘሁም።

የመጽሔት ዝግጅት ስል ሙዚቃውን፣ ስፖርቱን፣ ቃለ ምልልሱን፣ አጭር ፊልሙንና ቀልዱን በአንድ ቁጭታ በተርታ የሚያቀርብ፣ በየሳምንቱ በዚያው ሰዓትና በዚያው ስም የሚመለስ ዝግጅት ማለቴ ነው። እሁድ ከሰዓት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ያደገ ኢትዮጵያዊ መልኩን አይስተውም። ድራማ ስናይ ታሪኩ ይዞን ይሄዳል፤ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያልን እንቆያለን። እግር ኳስ ስናይ ውጤቱ ይይዘናል። ከቦክሰኛ ወደ ፒያኖ፣ ከፒያኖ ወደ ቀልድ የሚሻገረውን ዝግጅት ግን ምን አንድ ያደርገዋል? ተመልካቹስ በየመሸጋገሪያው ተነሥቶ የማይሄደው ለምንድን ነው?

መልሱን ፍለጋ ወደ ለንደን፣ ወደ 1957 እንሄዳለን። በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም የተከፈተው በ1957 ነውና እንዳይምታታብን፤ እሱ የእኛው 1957 ነው፣ ከምናወራበት ጊዜ ከሰባት ዓመት በላይ ቆይቶ።

ባዶዋ ሰዓት

በምዕራፍ አምስት የስርጭት ሰሌዳን ስናይ፣ ጣቢያዎች ቀኑን እንደ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ለማን ምን እንደሚያድሉ ተነጋግረናል። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1957 መጀመሪያ ድረስ ማንም የማይቆርሳት አንዲት ሰዓት ነበረች። በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 6 እስከ 7፣ በእኛ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይጨልማል። የልጆች ዝግጅት አብቅቷል፤ የአዋቂዎቹ ገና አልጀመረም። ምክንያቱ ወላጆች ትንንሾቹን ያለ ጭቅጭቅ እንዲያስተኙ ነበር። ይህን ልማድ ‹ቶድለርስ ትሩስ› ይሉታል፤ ድክ ድክ ከሚሉ ሕፃናት ጋር የሚደረግ የተኩስ አቁም እንደማለት ነው።

ቢቢሲ የሚተዳደረው ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ ሁሉ በየዓመቱ በሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብ ስለሆነ ጨለማዋ ሰዓት አትጎዳውም፤ እንዲያውም ወጪ ትቆጥብለታለች። በ1955 የተከፈተው ተፎካካሪው አይቲቪ ግን የሚኖረው ከማስታወቂያ ነው። ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት መጨለም ለእሱ በገበያ ቀን ሱቅ እንደ መዝጋት ነበር። ስለዚህ ልማዱ እንዲቀር ወተወተ። ያኔ የፖስታና የስርጭት ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ሚኒስትር ቻርልስ ሂል፣ ራሳቸው በጦርነቱ ዘመን በሬዲዮ የጤና ምክር በመስጠት የታወቁ ሐኪም ናቸው፤ ልጅን ማስተኛት የወላጅ እንጂ የመንግሥት ሥራ ሊሆን አይገባም ወደሚለው ወገን አደሉ። እገዳው ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1957 ተነሣ። በእኛ የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ነበር።

ቢቢሲ ሳይፈልጋት እጁ የገባችውን ሰዓት በምን ሞላት? ከሰኞ ጀምሮ ባሉት የሥራ ቀናት ክሊፍ ሚቸልሞር የሚመራው ‹ቱናይት› የተባለ የወቅታዊ ጉዳዮች ዝግጅት ገባባት። ቅዳሜን ደግሞ ለወጣቶች ሰጣት። ሁለቱም የመጽሔት ዝግጅቶች ናቸው፤ በሁለት ቀን ልዩነት በአንዲት ባዶ ሰዓት ውስጥ ተወለዱ።

ይህን እንደ አጋጣሚ አላየውም። በዚያች ሰዓት ያለውን ቤት አስቡት። አንዱ ከሥራ እየገባ ነው፤ አንዷ ራት ታቀርባለች፤ አንዱ ሊወጣ ጫማውን ይወለውላል። ማንም ከመጀመሪያው ጀምሮ አርፎ የተቀመጠ የለም። ለእንዲህ ያለ ቤት የሚስማማው መሐል ላይ ለደረሰ ሰው የማይጠፋበት ዝግጅት ነው። ቡና ተፈልቶ ዘግይቶ የደረሰ ጎረቤት አቦሉ ቢያመልጠው ቶናው ይጠብቀዋል፤ ቶናውም ቢያመልጠው በረካው አለ። ድራማ እንዲህ አይቸርም። የመጽሔት ዝግጅት የመጀመሪያ ጥበቡ ይህ ነው፤ በሩ በየአምስት ደቂቃው ይከፈታል።

ስድስት ከአምስት

የቅዳሜው ዝግጅት ስም ‹ሲክስ-ፋይቭ ስፔሻል› ይባላል። ከ6 ሰዓት እስከ 6 ከ5 ዜና ይነበባል፤ ዜናው እንዳበቃ እሱ ይነሣል፤ ስሙ ከዚያ ነው የወጣለት። ‹ስፔሻል› ደግሞ ከመደበኛው ጉዞ ውጪ ለሚነሣ ባቡር የሚሰጥ ስም ስለሆነ፣ መግቢያው ላይ እየተንደረደረ የሚመጣ ባቡር ይታያል፤ ዶን ላንግ ከባንዱ ጋር የመክፈቻውን ዘፈን ይዘፍናል። የሰዓትን ስም የዝግጅት ስም ማድረግ ዛሬ ተራ ነገር ነው። ያኔ ግን ትናንት ድረስ ጨለማ የነበረችው ሰዓት ባለቤት ማግኘቷን የሚያውጅ ስም ነበር።

ባለቤቶቹ እነማን ናቸው? እኛ ‹ጎረምሳ› እና ‹ኮረዳ› የሚሉ ቃላት ከጥንት ጀምሮ አሉን፤ በልጅነትና በትዳር መካከል ያለው ዕድሜ ስም አጥቶ አያውቅም። እንግሊዞች ‹ቲንኤጀር› የሚለውን ቃል ከአሜሪካ ተቀብለው አዘውትረው መጠቀም የጀመሩት ግን ገና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ልጁ ትምህርቱን ያቆምና ፋብሪካ ይገባል፤ የአባቱን ዓይነት ኮት ይለብሳል፤ ደመወዙን ለእናቱ ይሰጣል። በ1950ዎቹ ይህ ተለወጠ። ምግብን በራሽን ማከፋፈል በ1954 ፈጽሞ ቀረ፤ ሥራ እንደ ልብ ይገኛል፤ በ15 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ደህና ደመወዝ ይቆረጥለታል። ማርክ አብራምስ የተባለ የገበያ አጥኚ በ1959 ባሳተመው ጥናት ወጣቶቹ ልብሱንና ሸክላውን፣ ሲኒማውንና መኳኳያውን የሚገዙ ራሳቸውን የቻሉ ደንበኞች መሆናቸውን በቁጥር አሳየ። ልብስ ሰፊው፣ ሸክላ ሻጩና ሲኒማ ቤቱ ይህን ከአብራምስ ቀድመው ያውቁት ነበር። ቴሌቪዥን ግን ለሕፃናትም ለወላጆችም ወንበር አዘጋጅቶ ለእነዚህ ያዘጋጀው አልነበረም።

የተዘጋጀላቸው መጋዘን ምን ነበረው? በመጀመሪያው ምሽት የጃዝ ጥሩምባ ነፊው ኬኒ ቤከር ከባንዱ ጋር ተጫወተ። በዚያው ምሽት ፑዊሽኖፍ የተባለው የክላሲካል ፒያኖ ሊቅም ቀረበ። ዝግጅቱን ያቀርቡ የነበሩት ሦስት ናቸው። ፒት መሪ በሬዲዮ ሉክሰምበርግ ሸክላ በማጫወት የታወቀ ነው። ጆሴፊን ዳግላስ ተዋናይት ስትሆን ከመድረክ ፊትም ከመድረክ ጀርባም ትሠራለች፤ ከሁለቱ አዘጋጆች አንዷ እሷ ናት። ሦስተኛው ፍሬዲ ሚልስ ነው፤ ከ1948 እስከ 1950 በቀላል ከባድ ሚዛን የዓለም የቦክስ ሻምፒዮን የነበረው፤ ወደ ስፖርቱ የሚወስደን እሱ ነው።

ቦክሰኛና የክላሲካል ፒያኖ ለጎረምሶች በሚል ዝግጅት ውስጥ ምን ይሠራሉ? ቢቢሲ ከተመሠረተ ጀምሮ የሚመራበት ሦስት ግዴታ አለ፤ ማሳወቅ፣ ማስተማርና ማዝናናት። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ አንድ ሙሉ ሰዓት መስጠት ለአለቆቹ የሕዝብ ገንዘብ መበተን ነው የሚመስላቸው። ስለዚህ ሮክ ኤንድ ሮሉ ይኑር፤ ከጎኑ ግን ስፖርት ይኑር፣ አገር የሚያሳይ ፊልም ይኑር፣ ቁም ነገር ይኑር። ልጁን በዳንኪራው ያስገቡታል፤ ከገባ በኋላ ትምህርቱን ያቀምሱታል። የመጋዘን አስተሳሰብ ማለት ይህ ነው፤ ለአንተ የሚበጅህን እኛ ከምረን አዘጋጅተናል፣ ገብተህ ውሰድ።

ይህን አሳብ አልንቀውም። ሕፃን መድኃኒቱን በማር እንዲውጥ የምታደርግ እናት ልጇን ትወዳለች። ችግሩ የመጋዘን አስተሳሰብ ብቻውን የምዕራፋችንን ጥያቄ አለመመለሱ ነው። የተከመሩት ጆንያዎች ምን ያስተሳስራቸዋል?

እንጀራው

የጾም በያይነቱ አስቡ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ቀይ ሥሩ ለየብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ቢለያዩም አይጣሉም። አንድ ማዕድ ያደረጋቸው ከሥር የተዘረጋው እንጀራ ነው። እያንዳንዱን ወጥ በየሳህኑ አስቀምጣችሁ እንጀራውን ብታነሡት በያይነቱ መሆኑ ይቀራል። የመጽሔት ዝግጅት እንጀራ ምንድን ነው?

በስቱዲዮ ሥራ ይህ ቅኔ ሳይሆን የየሳምንቱ ጣጣ ነው። በምዕራፍ አራት በቀጥታ ስርጭት ጊዜ ተመልሶ ማረም እንደሌለ አይተናል። በ1957 ቢቢሲ በምስል ቴፕ ቀድቶ ቆርጦ የማስተካከል ዘዴ በእጁ አልነበረም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የሆነው ሁሉ በሆነበት ቅጽበት ቤት ይገባል። አሁን አስር ሙዚቀኞች ተጫውተው ጨረሱ እንበል። ቀጥሎ ቃለ ምልልስ አለ። ከበሮው መነሣት፣ ማይክሮፎኑ መዞር፣ ወንበር መምጣት አለበት። ካሜራዎቹ በጎማ ላይ የቆሙ ከባድ ማሽኖች ናቸው፤ ክንድ የሚያህል ኬብል ከኋላቸው ይጎትታሉ። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ለመሻገር ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ፣ በዚያ ግማሽ ደቂቃ ተመልካቹ ምን ያያል?

ሁለት መላ አለ። አንደኛው አጭር ፊልም ማስገባት ነው። ቀድሞ የተነሣ ፊልም ‹ቴሌሲኒ› በሚባል መሣሪያ እየታየ ወደ ስርጭቱ ይገባል፤ መሣሪያው ፊልሙን በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥን ምስል የሚለውጥ ነው። ፊልሙ ሦስት ደቂቃ ቢሄድ ስቱዲዮው ሦስት ደቂቃ አገኘ፤ ሠራተኛው ላቡን ይጠርጋል፣ ዕቃውን ያዛውራል። ተመልካች እንደ ጉብኝት የሚያየው ፊልም ለሠራተኛው እስትንፋስ መሰብሰቢያው ነው። ሁለተኛው መላ አቅራቢው ነው። ካሜራ አንዱ ፊቱ ላይ ቆሞ እሱ ሲያወራ ሌሎቹ ይንቀሳቀሳሉ። እንግዲህ የአቅራቢው ወሬ ሁለት ሥራ አለው፤ ለተመልካቹ ድልድይ ነው፣ ለባልደረቦቹ መጋረጃ ነው።

እስከዚያ ዘመን ድረስ እንጀራው ይኸው አቅራቢ ነበር። ሱፍ ለብሶ ጠረጴዛ ይዞ አንዱን እያሰናበተ ሌላውን የሚቀበል ሰው። ሲክስ-ፋይቭ ስፔሻል ሌላ እንጀራ አገኘ፤ ያገኘው ደግሞ ሁለተኛው አዘጋጅ ነው።

ጎማ የተገጠመለት ግድግዳ

ጃክ ጉድ በ1931 የተወለደ፣ ኦክስፎርድ የተማረ፣ በዚያም የዩኒቨርሲቲውን የድራማ ማኅበር የመራ፣ ልቡ ከቴአትር ጋር የተጣበቀ ወጣት ነበር። በ1956 ‹ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ› የተባለውን ፊልም ሲኒማ ቤት ገብቶ አየ። እሱን ያስደነቀው በሸራው ላይ ያለው ብቻ አልነበረም። በየወንበሩ መካከል ተነሥተው የሚጨፍሩት ልጆች አስደነቁት። ሁለት ትርኢት በአንድ ጊዜ ሲካሄድ አየ፤ አንዱ ሸራው ላይ፣ አንዱ ወንበሩ ላይ። የትኛው እንደሚበልጥ አልተጠራጠረም።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። ባዶ ቤት የሚያዜም አዝማሪ ጥሩ ድምፅ ቢኖረው ድምፁን ሰምተን እንወጣለን። ቤቱ ሲሞላ ግን ታዳሚው ግጥም ያቀብለዋል፤ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል፤ የተነካው ሰው ይሥቃል፤ የሚሥቀውን ሌላው ያየዋል። ያን ማታ ትርኢቱ ማሲንቆው ብቻ ነው ቢባል ማን ያምናል?

ጉድ ስቱዲዮውን እንዲህ ያለ ቤት ሊያደርገው ፈለገ። የቢቢሲ ወግ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ የሚያምር ግድግዳና ጌጥ ተሠርቶለት፣ ታዳሚ ካለም በወንበሩ ተቀምጦ በልክ እንዲያጨበጭብ ነው። ስለዚህ ጉድ ያደረገው እስከ ዛሬ ይተረካል። አለቆቹ እንዲደሰቱ ግድግዳውን አሠራው፤ ሥሩ ግን ጎማ አለው። ስርጭቱ ሲጀመር ግድግዳው እየተገፋ ይወጣል፤ በቦታው ልጆቹ ይገባሉ። ወለሉ በጎረምሳና በኮረዳ ይሞላል። ዘፋኙ በመካከላቸው ይቆማል፤ አቅራቢው በመካከላቸው ሆኖ ያወራል፤ ካሜራው እያሳበረ ያልፋል።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ከሙዚቃ ወደ ስፖርት፣ ከስፖርት ወደ ቀልድ ሲታለፍ ከእነዚያ ልጆች ፊት አንወጣም። ፒያኖ ሲጫወት እነሱ ይሰማሉ፤ ቦክሰኛው ሲያወራ እነሱ ከቦታቸው ናቸው። የተለያየው ነገር ሁሉ የሚያርፍበት እንጀራ እነሱ ሆኑ። ሩቅ ከተማ ያለችው ኮረዳም ቤቷ ተቀምጣ የምትመረምረው የእነሱን ቀሚስ፣ የእነሱን ጸጉር፣ የእነሱን እግር አጣጣል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ የእሷ ዕድሜ በቴሌቪዥን ታየ። መጋዘኑ መስታወት ሆነ።

መስታወቱ በምስሉ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ላይ ስኪፍል የሚባል ሙዚቃ ነግሦ ነበር። አንድ ርካሽ ጊታር፣ ልብስ የሚታሽበት የቆርቆሮ ሰሌዳ በጣት ቆብ እየተፋቀ፣ የሻይ ቅጠል ይመጣበት በነበረ የእንጨት ሳጥን ላይ ዱላና ሲባጎ ተገጥሞለት እንደ ቤዝ፤ ይኸው ነው። ሎኒ ዶኔጋን በ1956 በዚህ ስልት ታዋቂ ሆነ፤ ሲክስ-ፋይቭ ስፔሻል ላይም ስኪፍል በየጊዜው ይሰማል። የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ያየ ልጅ ያደንቃል፤ ስኪፍል ያየ ልጅ ግን ጓዳ ገብቶ የእናቱን ሰሌዳ ይፈልጋል። በሊቨርፑል ጆን ሌነን ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ኳሪመን የተባለ ቡድንም የዚህ የስኪፍል ወረት ልጅ ነው። በኖቬምበር 1957 ዝግጅቱ ስቱዲዮውን ትቶ ለንደን ውስጥ ሶሆ ወደሚገኘው ‹ቱ አይስ› ቡና ቤት ሄዶ በቀጥታ ተላለፈ። ዘፋኙ ቶሚ ስቲል የተገኘው በዚያች ጠባብ ምድር ቤት ነው። ልጆቹ ወደ ቴሌቪዥን መምጣታቸው አልበቃ ብሎ ቴሌቪዥኑ ወደ ልጆቹ ሄደ።

በአሜሪካም በዚያው ዓመት ኦገስት 5 ቀን ‹አሜሪካን ባንድስታንድ› ከፊላዴልፊያ በመላ አገሪቱ መሰራጨት ጀምሯል። አቅራቢው ዲክ ክላርክ ሸክላ ያስጫውታል፤ ልጆች ይጨፍራሉ። ያ ግን ከመነሻው የዳንስ ዝግጅት ነው፤ ስፖርት፣ ፊልም፣ ክላሲካል እያለ የሚያስማማው ጣጣ የለበትም። ስለዚህ ስለ መስታወት ብዙ ቢያስተምረንም ስለ ጥያቄያችን የሚነግረን ጥቂት ነው።

ጭቅጭቁ

ለስድስት ሳምንት የታሰበው ዝግጅት ሚሊዮኖች ተመለከቱትና ቀጠለ። ሲቀጥል ግን በውስጡ የነበረው አለመግባባት አደገ። ጉድ በየሳምንቱ የሚያየው ነገር ግልጽ ነበር፤ ዘፈን ሲመጣ ልጆቹ ይነሣሉ፣ ቁም ነገሩ ሲመጣ ይቀመጣሉ። እንግዲያው ቁም ነገሩ ለምን አይወጣም? አለቆቹ ደግሞ ቁም ነገሩ ከወጣ እኛ ለምን እንኖራለን አሉ። በ1958 መጀመሪያ ጉድ ቢቢሲን ትቶ ወደ ተፎካካሪው ወደ አይቲቪ ሄደ።

እዚያም የሚፈልገውን ሠራ። ‹ኦ ቦይ!› ይባላል። ከሀክኒ ኢምፓየር ቴአትር፣ ከሴፕቴምበር 13 ቀን 1958 ጀምሮ በመላ አገሪቱ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከቢቢሲው ጋር ፊት ለፊት። ቦክሰኛ የለ፣ ፊልም የለ፣ ክላሲካል የለ። ዘፈን በዘፈን ላይ ይደረባል፤ መብራቱ ከዘፋኙ ጋር ይሮጣል። በመጀመሪያው ምሽት የ17 ዓመቱ ዘፋኝ ክሊፍ ሪቻርድ ቀረበ። ጉድ ጊታሩን አስጥሎታል፣ የጉንጩን ጸጉር አስላጭቶታል፤ ካሜራው ከፊቱ ሌላ የሚያየው እንዳይኖር።

ቢቢሲ አልቻለውም። ሲክስ-ፋይቭ ስፔሻል ዲሴምበር 27 ቀን 1958 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰራጨ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ታሪኩን የሚጽፉ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆሙና መስታወት መጋዘንን አሸነፈ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ‹ኦ ቦይ!› ራሱ ያበቃው በሜይ 1959 መጨረሻ ነው፤ በመላ አገሪቱ መሰራጨት ከጀመረ ገና ዘጠኝ ወር አልሞላውም። ጉድ ራሱ ነው ትቶት ወደ ሌላ አዲስ ዝግጅት ያለፈው። ዘፈን ብቻ ያለበት ዝግጅት ከዘፈኑ ወረት አይተርፍም፤ ሁሉም በርበሬ የሆነ ወጥ የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ያስደስታል። ደግሞም ‹ኦ ቦይ!› ቴአትር ቤት ሲገባ አንድ ትልቅ ነገር ተወ። ልጆቹ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ይጮኻሉ፣ ይሰማሉ፤ ግን ከመድረክ ወርደው ታዳሚ ሆነዋል። ጉድ መጋዘኑን ሲያፈርስ ሳያስበው መስታወቱንም ከግድግዳው አወረደው።

የተጠየቀውን የሚያስታውስ መስታወት

የሲክስ-ፋይቭ ስፔሻል ሁለት ትምህርቶች ወዲያና ወዲህ ተበታተኑ። ወለሉን ለልጆቹ የመስጠቱ ብልሃት በኦገስት 1963 በተጀመረው ‹ሬዲ ስቴዲ ጎ› ተመለሰ፤ እዚያ ዘፋኙና ጨፋሪው ተቀላቅለው ካሜራዎቹ ራሳቸው በምስሉ ውስጥ ይታያሉ፣ ማንም አይደብቃቸውም። እሱም ሙዚቃ ነበር፣ በ1966 መጨረሻም ተዘጋ።

መጋዘኑንና መስታወቱን አንድ ላይ ያቆመው ሌላ ነው፤ የተጀመረውም ሲክስ-ፋይቭ ስፔሻል ገና ሳይዘጋ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1958 ነው። ‹ብሉ ፒተር› ለሕፃናት እንጂ ለጎረምሶች የታሰበ ስላልነበረ የዚህ ምዕራፍ ሰው አይመስልም። ነገር ግን ጥያቄያችንን የሚመልሰው እሱ ነው። በ1962 ሥራውን የተረከበችው ቢዲ ባክስተር ልጅ ሳለች ለደራሲዋ ለኤኒድ ብላይተን ደብዳቤ ጽፋ መልስ አግኝታ ነበር። ደስ ብሏት ሁለተኛ ስትጽፍ የደረሳት መልስ ቃል በቃል የመጀመሪያው ሆነ። ያ ቅሬታ አልወጣላትም። አዘጋጅ ስትሆን የጻፈ ልጅ ሁሉ ስሙ በካርድ እንዲመዘገብ አደረገች፤ ልጁ ዳግመኛ ሲጽፍ መላሹ ካርዱን አውጥቶ ያለፈውን ያነሣለታል። ከ1963 ጀምሮም አሳብ፣ ሥዕል ወይም ደብዳቤ የላከ ልጅ ደረቱ ላይ የሚሰካው የዝግጅቱ አርማ ይሰጠው ጀመር።

ምን እንዳደረገች ልብ በሉ። መጋዘኑን የሚሞሉት ልጆቹ ራሳቸው ሆኑ። ስለ እንስሳት፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ እጅ ሥራ የሚቀርበው ሁሉ እንደ ቀድሞው የተለያየ ነው፤ ነገር ግን አሳቡ ከእነሱ የመጣ፣ ስማቸው የሚጠራበት ነው። ጃክ ጉድ ልጆቹን ስቱዲዮ አስገብቶ ያገኘውን ነገር ባክስተር በፖስታ አገኘችው። ብሉ ፒተር ከስድሳ ዓመት በላይ ዘልቆ ዛሬም አለ። በመካከሉ አቅራቢዎቹ ስንት ጊዜ ተለዋወጡ፤ የሚያስተሳስረው የአቅራቢው ፊት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ለውጥ ባፈረሰው ነበር።

ስለ ሲክስ-ፋይቭ ስፔሻል ከምናውቀው አብዛኛው ከሰዎች ትዝታ፣ ከፎቶግራፎችና በ1958 በስሙ ከተሠራው ፊልም የምናገኘው ነው። በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር፣ የሚቀዳውም የፊልም ካሜራ በቴሌቪዥን ስክሪን ፊት በማቆም ስለሆነ፣ ከዘጠና በላይ ከሆኑት ስርጭቶች የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። የእነዚያ ወለሉን የሞሉት ልጆች ፊት አብዛኛው በዚያው ቅዳሜ ማታ ቀረ።

ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ከመሻገራችን በፊት አንባቢዬን አንድ ነገር ልለምን። በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ የሚታይ አንድ የመጽሔት ዝግጅት ምረጡ፤ የወጣቶች ቢሆን ይመረጣል። ድምፁን አጥፉት። ዝግጅቱ ከአንድ ጉዳይ ወደ ሌላው ሲሻገር በዚያች ዐሥር ሰከንድ ውስጥ ስክሪኑ ላይ የማን ፊት እንዳለ ተመልከቱና ጻፉት። አምስት መሻገሪያ ከጻፋችሁ በኋላ ዝግጅቱ የተሠራው ለማን እንደሆነ ከስሙ ይልቅ ያ ወረቀት ይነግራችኋል።